ባሌን አራስ ያደረግሁበት ሰሞን

ልጆቹ ንገሪን ይሉኛል። ሁሉንም አይደለም ደግሞ፤ «ያቺን ብቻ፣ አያታችንን አራስ ያደረግሽበትን» ነው የሚሉኝ። ሌላ ልጀምር ብዬ፣ ለምሳሌ ለአንድ ገንቦ ብዬ ይጁቤ ገበያ ሄጄ በሦስተኛው ቀን ያለ ገንቦ የተመለስሁበትን ላወራላቸው ስል፣ እሱን ሰምተነዋል ይሉና ያቋርጡኛል። እኔ መንገድ የምወድ ሰው ነኝ። በእግሬም ብሄድ በወሬም ብሄድ ቀጥ ብዬ አልደርስም። ፊደሉንም ቢሆን ትምህርት ቤት ገብቼ አልተማርሁትም፤ ልጆቼ የቤት ሥራቸውን ሲሠሩ ከጀርባቸው ቆሜ የለቃቀምሁት ነው። ጽሑፌ ቢንገዳገድ የለቃቀመች ሴት ጽሑፍ ነው ብላችሁ እለፉት።

ቤታችን ከአምበር ትንሽ ወጣ ብሎ ነው። ያን ዓመት ጤፉ ታጭዶ ተከምሯል፤ ገና አልተወቃም። ባለቤቴ አንድ ጠዋት ራሴን አመመኝ አሉ። እሳቸው ራሴን ሲሉ እኔ ጠላ ነው ብዬ ዝም አልሁ። ከሰዓት በኋላ ትኩሳቱ ተነሣ። በማግሥቱ አንገታቸው አልታጠፍ አለ። ከጎን ስጠራቸው እንደ ተጠመደ በሬ መላ ሰውነታቸውን ይዘው ነው የሚዞሩት። ያን ጊዜ ጠላ አለመሆኑ ገባኝ።

በባጃጅ እስከ አስፋልቱ፣ ከዚያ በሚኒባስ ደብረ ማርቆስ አደረስናቸው። ሐኪም ቤት ከጀርባቸው ውሃ ቀዱና ማጅራት ገትር ነው አሉን። መድኃኒቱን በየሰዓቱ በመርፌ እየሰጡ ከሞት አተረፉልኝ። እግዜር ይስጣቸው። ብቻ ሲነቁ ቀና ብለው አዩኝና፣ «ሲስተር፣ መቼ ነው የሚያሰናብቱኝ?» አሉኝ።

አርባ ዓመት በአንድ ጣሪያ ሥር ኖረን፣ አሁን ነርስ ሆንሁላቸው። መጀመሪያ የሚቀልዱ መስሎኝ ሳቅሁ። እሳቸው ግን አልሳቁም። እንዲያውም ስለ ደግነቴ መረቁኝ፤ ትዳር እንዲሰጠኝም ተመኙልኝ።

ሐኪሙ ገና ጢሙ በደንብ ያልበቀለ ልጅ ነው። እጁን በኪሱ ከትቶ ቀስ እያለ ነገረኝ። «ጀርሙ አልቋል፣ እናቴ። አሁን የሚያስፈልገው አንጎላቸው እንዲያርፍ ነው። ደብዘዝ ያለ ክፍል፣ ጸጥታ፣ እንቅልፍ። በሚቀጥሉት ሳምንታት የሚመለሰው ይመለሳል። ሳይመለስ ለሚቀረው ግን ቃል አልገባልዎትም።»

እንግዲህ ያለኝ ጊዜ እነዚያ ሳምንታት ብቻ ናቸው። ባሌ ወይ ያውቁኛል፣ ወይ ደግሞ ሲስተር እንደሆንሁ እቀራለሁ። ይህን በሆዴ ይዤ ወደ ቤት አመጣኋቸው።

ቤት ስንደርስ አገሩ ሁሉ ደጃፋችን ቆሟል።

የእኛን አገር ሰው አላማም። ሰው ታሞ ሳይጠይቅ የሚያድር የለም። ዳቦ ይዞ፣ እንቁላል ይዞ፣ ጠበል በጀሪካን ይዞ ይመጣል። ችግሩ ከተቀመጠ በኋላ ነው። መጀመሪያ በሽተኛው ራሱ ከሥር ከመሠረቱ እንዲነግረው ይፈልጋል፤ በየት በኩል ጀመረዎት፣ ያን ቀን ምን በልተው ነበር፣ ብርድ ብርድ ብሎዎታል ወይ። ይህን ለአንዱ ነግረው ሲጨርሱ ሌላው ይገባና እንደገና ከአንድ ይጀመራል። ቀጥሎ ደግሞ ጠያቂው በዚሁ በሽታ የተያዘ አንድ የሚያውቀውን ሰው ያነሣል። አንዱ አማኑኤል ከተማ ይኖር የነበረ አጎቱን፣ አንዷ የአክስቷን ልጅ፣ ሌላው የወታደር ቤት ጓደኛውን ያወራል። ሁሉም ሞተዋል። ከዚህ በሽታ የዳነ ሰው የሚያውቅ አንድ እንኳ በቀበሌያችን አልተገኘም።

ከሁሉ የባሰው ፈተናው ነበር። እያንዳንዱ ሰው ሊወጣ ሲል ፊታቸው ላይ ድቅን ብሎ፣ «እኔን ያውቁኛል? ማን ነኝ?» ይላል። እሳቸው ሰው ማስከፋት አይወዱም፤ ሁሉንም «ዶክተር» ይሏቸዋል። ኮቱ የተጣፈ አንድ ገበሬ ይህን ማዕረግ ወደደውና በየቀኑ እየመጣ የእጃቸውን ትርታ ያዳምጥ ጀመር። የአጥር ጎረቤቴ ደግሞ ድምፅዋ ወንዝ የሚያሻግር ሴት ናት፤ ልቧ ግን ቅቤ ነው። እሷን ባላወቋት ጊዜ ደንግጣ ሄደችና፣ እስቲ እነሱን ያውቋቸው እንደሆነ ብላ ሁለት እህቶቿን ይዛ መጣች። እህቶቿም ሲወድቁ ባሎቻቸውን ጠሩ። የወደቀው ሁሉ ሌላ ተፈታኝ እየጠራ ቤቱ ሞላ። እሷው ጎረቤቴ በሽታውን ላባርር ብላ ጧትና ማታ ቀበሪቾ ታጨሳለች። በሽታው ይውጣ አይውጣ አላውቅም፤ እኛ ግን እየሳልን ስንወጣ ስንገባ ነበር።

በአምስተኛው ቀን ባለቤቴ ምሰሶውን «እንዴት ዋልህ» ብለው ሰላም አሉት። መልስም ጠበቁ። ማታ ራሳቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው እንደ ልጅ አለቀሱ።

ቅዳሜ የልጅ ልጄ መጣች። ደብረ ማርቆስ ሕክምና ትማራለች፤ ያን ጊዜ ሦስተኛ ዓመቷ ነበር። ገና ስትገባ ጭሱ አስነጠሳትና መስኮቱን በርግዳ ከፈተችው። እጇን ይዤ ወደ ጎተራው ጎን ወሰድኋትና ጠየቅኋት። ጀርሙ አልቋል ብለውኛል፤ ታዲያ አሁን የባሌን ራስ የሚበላው ማን ነው?

ከቦርሳዋ ወፍራም ደብተር አውጥታ ሥዕል አሳየችኝ። ሥዕሉ የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ነው። አንጎል ውስጥ ሁለት ዓይነት ሠራተኛ አለ አለችኝ። አንደኛው የሚያስበው፣ የሚያስታውሰው፣ ወሬ የሚያቀብለው ነው። ሁለተኛው ግሊያ ይባላል። የመጀመሪያውን ይመግበዋል፣ ቤቱን ይጠርግለታል፣ ደጁን ይጠብቅለታል። ድሮ ተመራማሪዎቹ ግሊያን ከቁም ነገር አይቆጥሩትም ነበር አሉ፤ ማጣበቂያ ነው ይሉት ነበር።

ሴቶቹ ናቸው በይኛ፣ አልኋት። ሳቀችና ደብተሯ ጥግ ላይ ጻፈችው።

ከዚያ ዋናውን ነገረችኝ። ጀርም ሲገባ ከግሊያዎቹ መካከል ዘበኞቹ ይባንናሉ። ሲባንኑ አንድ እንደ ትንፋሽ ያለ ነገር ያወጣሉ፤ ናይትሪክ ኦክሳይድ ይባላል። አይታይም፣ ግድግዳ አያግደውም። በልኩ ሲሆን ጥሩ ነገር ነው፤ አንጎል ራሱ በደኅናው ቀን ጥቂት ጥቂት እያደረገ የደም ሥር ያሰፋበታል፣ መልእክት ይላላክበታል። ዘበኞቹ ሲደነግጡ ግን በገፍ ያወጡታል። ጀርሙን ይገድላል፤ እሰየው። ግን ወዳጅና ጠላት አይለይም። ጦርነቱ ማለቁን ካልሰሙ ማውጣታቸውን አይተዉም፤ ያን ጊዜ አጠገባቸው ያለው አሳቢው ይታፈናል።

«ለምን አይተዉም?» አልኋት።

«ደንግጠዋላ፣ እምዬ። የታፈነው ሲጨነቅ እነሱ ደግሞ የባሰ ይደነግጣሉ። አንዱ ሌላውን እየቀሰቀሰ ይቀጥላል።»

በሽማግሌዎች የመርሳት በሽታና በሚያንቀጠቅጠውም ላይ ይኸው የዘበኞች ድንጋጤ እጁ ሳይኖርበት አይቀርም ብለው ይጠረጥራሉ አለችኝ። መድኃኒት ይፈለግለት እንደሆነ ጠየቅኋት። እየፈለጉ ነው፤ ግን ትንፋሹን ጨርሶ ማጥፋት ጥሩውንም ማጥፋት ነው፣ አስቸጋሪው እሱ ነው አለች። ደግሞ ልጅቷ ሐቀኛ ናት፤ አብዛኛውን ያዩት በብርጭቆ ዕቃ ውስጥና በአይጥ አንጎል ላይ ስለሆነ፣ በአያቴ ራስ ውስጥ ይህ ብቻ ነው የሆነው ብዬ አልምልልሽም አለችኝ። እኔ አይጥ ስትል ሐሳቤ ሄደ። ዘመኔን ሙሉ ከገብሴ ላይ ሳባርረው የኖርሁት አይጥ ለካ እንዲህ ያለ ቁም ነገር ላይ ይውላል። ትንሽ አፈርሁ።

ከዚያ በተከፈተው መስኮት ወደ ቤት አየሁ። ኮታሙ ዶክተር ትርታ ይዟል። ጎረቤቴ ጭሱ ላይ ጎንበስ ብላ እፍ ትላለች። ሦስት ሰዎች በአንድ ጊዜ ማን ነኝ ይላሉ። የልጅ ልጄን በክርኔ ነካሁና፣ ዘበኞቹ እነዚህ ናቸው፣ እይያቸው አልኋት።

ደንግጣ ታርመኝ ጀመር። ሰዎቹ ናይትሪክ ኦክሳይድ አያወጡም፣ ያ በሕዋስ ውስጥ ያለ ነገር ነው አለችኝ። ባቄላ ንፍሮ አንድ ሰፌድ ከጨረሰ ጠያቂ ጎን ተቀምጠሽ ስለማታውቂ ነው አልኋት። መነጽሯ እስኪወድቅ ሳቀች። መነጽሯን ስታነሣ ግን ፊቷ ሌላ ሆነ።

«እምዬ፣ ትንፋሹን ተዪው፤ ጫጫታውና እንቅልፍ ማጣቱ ራሱ ይጎዳቸዋል። ሐኪሙ የሰጠሽ ጊዜ እያለቀ ነው። ሰዉን አስወጪ።»

ማለት ቀላል ነው። ሊጠይቅ የመጣን ሰው ከቤት ማስወጣት በእኛ አገር ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ነገ ስትሞት ማን ይቀብርሃል? የንስሐ አባታችንን አማከርኋቸው። እሳቸውም ሊጠይቁ መጥተው ሦስተኛ ዋንጫቸው ላይ ነበሩ። ጢማቸውን አሻሹና፣ የታመመን መጠየቅ በወንጌል የታዘዘ ነው፣ እኔ እንዴት አድርጌ ልከልክል አሉኝ። ይልቅ ልጅቷ የነገረችሽን ንገሪያቸው፤ የተማረ ሰው ነገር ያስፈራቸዋል፣ ራሳቸው ይቀራሉ አሉ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቤቱ ጢም ብሎ ሳለ ተነሥቼ ተናገርሁ። በሽተኛው ራስ ውስጥ ጠባቂዎች አሉ፣ ሲደነግጡ ትንፋሽ ያወጣሉ፣ ትንፋሹ ሲበዛ የሚያስታውሰውን ያፍናል፣ ስለዚህ ድንጋጤም ጫጫታም አይገባም አልሁ። አሳምሬ ነው የተናገርሁት። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ፤ ጎረቤቴ እንባዋን ጠረገች። አንድ በአንድ በጸጥታ ወጡ። አሸነፍሁ ብዬ ተኛሁ።

ጧት ሁሉም ተመልሰው መጡ። ትንፋሽ ክፉ ነው አልሁ እንጂ አትምጡ መቼ አልሁ። ነጠላና ጋቢያቸውን እስከ ዓይናቸው ተከናንበው፣ አፋቸውን አስረው፣ አርባ የሚሆን ሰው ግድግዳውን ይዞ ተደረደረ። ቃል የሚተነፍስ የለም። ጎረቤቴ እንኳ ጸጥ ብላለች፤ እንዲያ ጸጥ ብላ አይቻት አላውቅም፣ እኔም ፈራሁ። ሁሉም ዓይኑን ባሌ ላይ ተክሎ ይጠብቃል።

እሳቸው ነቁ። ወደ ቀኝ አዩ፣ ወደ ግራ አዩ። ነጭ ለባሹን ሁሉ ቆጥረው ሲጨርሱ እኔን በጣታቸው ጠሩኝ።

«ሲስተር» አሉኝ ቀስ ብለው፣ «መቼ ነው የሞትሁት?»

ቤቱ ሊያለቅስ ይቃጣዋል፣ ግን አፉ ታስሯል። በነጠላ ውስጥ የታፈነ ልቅሶ ሰምታችሁ ታውቁ እንደሆነ እንጃ፤ የቀፎ ድምፅ ነው። ባለቤቴ አዘኑላቸውና ያጽናኑ ጀመር። አይዟችሁ፣ ሰውዬው ዕድሜም ጠግቧል፣ ደኅና ኖሮ ነው የሞተው አሏቸው። የገዛ ልቅሷቸውን ደረሱ። ቀጥለው ከብቶቹን ማን እንደሚወርስ ጠየቁ።

እኔ ጓሮ ወጣሁ። ጎመኑ መካከል ቆሜ አለቀስሁ። መጮኽ የማይሆንልኝ ሰው ነኝ፤ ተቆጥቼ ባውቅ ኖሮ ያን ቀን ይበቃኝ ነበር። አፍንጫዬን ስጠርግ ግን አንድ ነገር ታሰበኝ። በዚህ አገር ሰው የሚያከብረው፣ ደርሶ የማያናግረው በሽተኛ የለም ወይ? አለ። አራስ አለች። የልጄ ሚስት ክረምት ላይ ስትወልድ ይኸው ሕዝብ ነው የመጣው። ግን ከመጋረጃው ወዲህ ተቀምጦ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ገንፎውን በልቶ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ ብሎ ሄደ። ከመንገድ የመጣ ሰው ቀጥ ብሎ አይገባባትም። ክፉ ወሬ፣ የሞት ወሬ አይወራባትም። ማን ነኝ ብሎ አራስ የሚፈትን ሰው ደግሞ ከተፈጠርሁም አላየሁ።

ወደ ቤት ተመልሼ ትልቁን ጋቢ ከሣጥን አወጣሁ። ከምሰሶው እስከ ግድግዳው ወጠርሁትና ባሌን ከወዲያ አስተኛሁ። ለአራስ እንደሚደረገው ቢላዋ ትራሳቸው ሥር አስገባሁ። ከዚያ ወጥቼ በሰዉ ፊት ቆምሁ።

«ከዛሬ ጀምሮ አራስ ናቸው» አልሁ።

ባለ ኮቱ ዶክተር የባሌን እጅ ያጣው እጁ አየር ላይ ቀርቷል። ጎረቤቴ ነጠላዋን ከአፏ አወረደች።

«ምን ወለዱ?» አለችኝ።

«ሴት።»

ለወንድ አርባ ቀን፣ ለሴት ሰማንያ ነው። ትምህርት ቤት ባልገባም የትኛው እንደሚበልጥ አውቃለሁ።

የንስሐ አባታችን ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ፤ ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ። ዞር ሲሉ ግን ፊታቸው የቅዳሴ ፊት ነበር። እንግዲህ ክርስትናው በሰማንያኛው ቀን ነው፣ እስከዚያ አራስ የሚረብሽ ሰው ከእኔ ጋር ነው ጉዳዩ አሉ። ማን ይከራከራል? ሐኪም ያዘዘውን መከራከር ይቻላል፤ የአራስ ወግ ግን የእናቶቻችን ነው። እየሳቁም እያጉረመረሙም ከመጋረጃው ወዲህ ተቀመጡ፣ ገንፎ በሉ፣ በሹክሹክታ ማርያም ትማራቸው ብለው ወጡ። ከዚያ ወዲያ የሚመጣውም ሰው ጥቂት ጥቂት ሆነ። ኮታሙ ግን በዚያው ቀረ፤ ሥራውን ስለቀማሁት ተቀይሞኛል።

እኔ ገንፎ ሳገነፋ ክንዴ አለቀ። ጎረቤቴ በየቀኑ ቅቤ ይዛ ትመጣለች፤ «ሕፃኗ እንዴት ናት?» ትለኛለች፣ ጡት ያዘች እላታለሁ፣ አፋችንን ይዘን እንስቃለን። ቀበሪቾውን ራሷ ጓሮ ጣለችው፤ አራስ ቤት እንዲያ አይታጨስም ብላ። ባለቤቴ ተኙ። መጀመሪያ ሰሞን ለመብላት ብቻ ይነቃሉ። የልጅ ልጄ ማታ ማታ እየደወለች ዘበኞቹ ረጋ አሉ ወይ ትለኛለች፤ እኔ ምን አይቼ እነግራታለሁ፣ ያንኮራፋሉ እላታለሁ። እሑድ እሑድም እየመጣች ከመጋረጃው ወዲያ ትቀመጣለች።

ቀስ በቀስ ነገር ተመለሰ። ምሰሶውን ሰላም ማለት ተዉ። ስለ ጤፉ ውቂያ ጠየቁ። የቀዩን በሬ ድምፅ ከውጭ ሰምተው ያ በሬ ውሃ አልጠጣም አሉ፤ እውነትም አልጠጣም ነበር። ደስ አለኝ፣ ከፋኝም። በሬው ታወቀ፣ እኔ ግን ያው ሲስተር ነኝ። ቀኑን በልቤ እቆጥራለሁ። ሐኪሙ ሳምንታት ነበር ያለው፤ አምስተኛው ሳምንት ገባ። ባያውቁኝስ ብዬ ተስፋዬን ሰብሰብ ማድረግ ጀመርሁ። ደግ ነርስ ሆኖ መኖርም ኑሮ ነው አልሁ። አልሁ እንጂ አላመንሁትም።

አንድ ረፋድ ገንፎውን ይዤ ገባሁ። ጎረቤቴ ከመጋረጃው ወዲህ ጥጥ ትፈትላለች። ባለቤቴ አንድ ጉርሻ አነሡና አኘኩ። ገንፎ አይታኘክም፤ እሳቸው ግን አኘኩ። ከዚያ ማንኪያውን አስቀመጡ።

«አንቺ ሴት፣ አርባ ዓመት ሙሉ ገንፎሽ እንደ ጓጎለ ነው። መቼ ነው የምትማሪው?»

ጣባው ከእጄ ሊወድቅ ነበር። እናቴም እንዲሁ ነበር የምታገነፋው አልሁ። አውቃለሁ፣ የእናትሽንም በልቼዋለሁ አሉኝ። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ ጋቢያቸውን ይዤ አለቀስሁ። ጎረቤቴ ሁሉን ሰምታለች። ሴት ወለዱ የተባለውን ረስታ የወንዱን ያህል እልልታ አቀለጠችው፤ መቼም በአምበር የሰማ አለ። ባለቤቴ በድምፁ ደንግጠው፣ ይቺ ሴትዮ ዛሬም እዚህ ናት ወይ አሉኝ።

ሰማንያው ቀን እስኪሞላ ጋቢውን አላወረድሁም፤ የንስሐ አባታችን ወግ ከተጀመረ ይፈጸማል ብለዋል። ሲሞላ ጠበል ተረጨ፣ ሰው ተጠራ። ባለቤቴ መካከል ተቀምጠው ሕመማቸውን ከሥር ከመሠረቱ ለሁሉም ተናገሩ። እኔ በማግሥቱ ነጠላዬን ለብሼ ወደ ይጁቤ መንገድ ጀመርሁ።

ይህን ሁሉ ሳወራ ኖርሁ። ዘበኞቹ በጸጥታው ረግተው፣ በስድስተኛው ሳምንት ዋዜማ አወቁኝ እያልሁ።

የልጅ ልጄ ተምራ ጨርሳ የተመረቀች ዕለት፣ ከዓመታት በኋላ ማለት ነው፣ ጋዋኗን እንደለበሰች ወደ ጥግ ሳበችኝና አሁን ልንገርሽ አለችኝ። ባለቤቴ ያወቁኝ የገንፎው ቀን አልነበረም። አራስ በሆኑ በሦስተኛው እሑድ፣ እኔ ውሃ ልቀዳ ስወጣ፣ ጆሮዋን ይዘው፣ «አያትሽን ማወቄን እንዳትነግሪያት፤ ካወቅኋት ጋቢው ይወርዳል፣ ሰዉ ይመለሳል» ብለዋታል። እሷም መተኛታቸውን ስለፈለገች ዝም ብላለች። ገንፎው ባይጓጉል ኖሮ ሰማንያውንም ቀን ሲስተር ሊሉኝ አስበው ነበር።